ገብስማ ከቅርጫት እስክትወጣ

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ ዶሮ ያላችሁ ደግሞ ይበልጥ ቅረቡ። የምነግራችሁ ስለ አንድ ሰውና ስለ አንዲት ዶሮ ነው። ሰውየው ዶሮዋን ፍለጋ ከቤት ሲወጡ ከአጥር ወዲያ ደርሰው የሚመለሱ መስሏቸው ነበር። ሰፈሩን ዞረው ጨረሱት።

አቶ ገብረየስ ይባላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ጠዋት ጠዋት የሚሰለፍላቸው ተማሪ አጡና ዶሮ ማርባት ጀመሩ። "ዶሮ ቀላል ነገር ነው፤ ቢያንስ ወላጅ አምጪ አይባልም" አሉ ለሚስታቸው ለወይዘሮ አልጋነሽ። ነገሩ እንዳሰቡት ቀላል አልሆነም። የመጀመሪያዋ ዶሮ የታቀፈችው እንቁላል ሁሉ ገማ። ሁለተኛዋ በአሥረኛው ቀን ሰለቻትና ትታው ወጣች። ሰፈሩም "የዲሬክተሩ ዶሮዎች ፈተና ወደቁ" እያለ ሳቀ። አቶ ገብረየስም አብረው ሳቁ፤ ቤት ሲገቡ ግን ምሳው አልበላ አላቸው።

በሦስተኛው ገብስማ መጣች። ገብስማ ያሏት ላባዋ ነጭና ግራጫ የተቀላቀለ ስለሆነ ነው። አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋ አሥራ ስምንት ቀን ተቀመጠች። ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ትወጣና እህል ለቅማ፣ ውሃ ተጎንጭታ፣ ተመልሳ ትታቀፋለች። ጫጩት ለመፈልፈል ሦስት ቀን ቀራት። አቶ ገብረየስ ልክ እንደ ማትሪክ ተፈታኝ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ በየጠዋቱ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገብስማ ለመልቀም ወጣች፤ አልተመለሰችም።

አቶ ገብረየስ ጠበቁ። ሰዓታቸውን አዩ። እንደገና ጠበቁ። ከዚያ ወደ ጎጆዋ ጎንበስ ብለው እንቁላሎቹን በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱ። ገና አልቀዘቀዙም። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ጎጆውን ሸፈኑት። አሁንም አላስተማመናቸውምና ከላይ በሁለት እጃቸው ያዙት።

ወይዘሮ አልጋነሽ ከበሩ ላይ ሆነው አዩዋቸው። "ምን እየሆንክ ነው?"

"ገብስማ የለችም።"

"እና አንተ ልትታቀፍ ነው?"

"አልጋዬ፣ ቀልዱን ተይውና እዚህ ጋ ተቀመጭልኝ። እንዳይቀዘቅዝ ያዢልኝ። ፈልጌያት ልምጣ።"

ወይዘሮ አልጋነሽ በርጩማ ሳቡና ተቀመጡ። ጎጆውን ከነጋቢው ጭናቸው ላይ አደረጉት። "ቶሎ በል" አሉ። "እኔ የታቀፍኩት አራት ልጅ ነው። በእንቁላል ልምድ የለኝም።"

አቶ ገብረየስ ጆሯቸውን አቀኑ። ከአጥሩ ወዲያ፣ ከወይዘሮ ዘርፌ ጓሮ፣ የገብስማ ድምፅ ተሰማ። የተናደደች ዶሮ ድምፅ ነው። ዞረው በበሩ ገቡ።

ወይዘሮ ዘርፌ ጓሯቸው መሀል ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። ከእግራቸው ሥር የተደፋ ቅርጫት አለ። ቅርጫቱ ላይ ድንጋይ ተቀምጧል። በቅርጫቱ ቀዳዳ በኩል አንድ ቢጫ ዓይን ታየ።

"እንደምን አደሩ ወይዘሮ ዘርፌ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ለገብስማ ነው የመጡት?"

"አዎ። ታቅፋ ነው፤ ቶሎ ይስጡኝ።"

"አልሰጥም" አሉ ወይዘሮ ዘርፌ። "መጀመሪያ ይህን ይዩልኝ።" በእጃቸው መደባቸውን አሳዩ። ባለፈው ሳምንት የተተከለ የጎመን ችግኝ ነበር። አሁን ግን ሥሩ ወደ ላይ፣ ቅጠሉ ወደ ታች ሆኖ ተበታትኗል። "ሙሉ ቀን ጎንበስ ብዬ የተከልኩትን በሁለት እግሯ ነቃቅላ ጨረሰችው። ደንቡን ያውቁታል አይደል? ከአጥር አልፋ የሰው ጓሮ የገባች ዶሮ፣ ያበላሸችው እስኪተካ ድረስ፣ በባለ ጓሮው እጅ ትቆያለች።"

አቶ ገብረየስ ደንቡን ያውቁታል። የጻፉት እሳቸው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በግቢያቸው አንዲት ላባ እንኳ ሳትኖር፣ የሰው ዶሮ ሰላጣቸውን ስለበላባቸው በሰፈር ስብሰባ ላይ ተነሥተው ተናገሩ። ሰው "እስኪነጋገሩ ድረስ ይባል" ቢላቸው "የለም፣ እስኪተካ ድረስ ነው የሚባለው! ደንብ ጥርስ ያስፈልገዋል!" ብለው አስጻፉት። እጃቸውን ሲያወዛውዙ ሁሉ ትዝ አላቸው። አሁን ጥርሱ የት እንዳረፈ ገባቸው።

"ጎመኑ ካልተተካ ቅርጫቱ አይነሳም" አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

"ቅርጫቱ ካልተነሳ ገብስማ አትወጣም! ገብስማ ካልወጣች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል!"

"እሱን ደንቡን ለጻፈው ሰው ይንገሩት።"

የጻፈው ሰው ከመሄድ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ገበያ የሚውለው ማክሰኞ ነው። በሰፈሩ የጎመን ችግኝ የሚያፈሉት አቶ ልመንህ ብቻ ናቸው፤ ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ፣ አሁን ከችግኝ ጋር የሚውሉ ሰው። አቶ ገብረየስ እያለከለኩ ደረሱ።

"አቶ ልመንህ፣ ችግኝ ይስጡኝ። ጎመኑ ካልተተካ ቅርጫቱ አይነሳም፤ ቅርጫቱ ካልተነሳ ገብስማ አትወጣም፤ ገብስማ ካልወጣች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል!"

አቶ ልመንህ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና መደባቸውን በጣታቸው ወጋ አደረጉት። ጣታቸው አልገባም። "ይዩት፣ ድንጋይ ሆኗል። ቦኖው ከተዘጋ አምስት ቀኑ። በደረቁ ብነቅለው ሥሩ መሬት ውስጥ ይቀራል፤ ግንዱን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ።"

"እኔ ቤት አንድ ጀሪካን ውሃ አለ።"

"አንድ ጀሪካን ለዚህ መደብ ምላስ ማርጠቢያ አትሆንም። ቦኖው ይከፈት፤ ችግኙን እኔ ራሴ ነቅዬ እሰጥዎታለሁ። መደቡ ካልራሰ ግን አይነቀልም።"

አቶ ገብረየስ ወደ ቦኖው ሮጡ። "ሮጡ" ስል በስልሳ አራት ዓመት ሰው ሩጫ ነው፤ አንድ እጅ ኮፍያ ላይ፣ አንድ እጅ ሱሪ ላይ። ቦኖውን የሚጠብቁት እማማ ጠጂቱ ናቸው። ቁልፉ በክር አንገታቸው ላይ ታስሯል፤ እሳቸውም ቦኖው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሰፈሩን ሰው ሁሉ "ልጄ" ነው የሚሉት፤ ሽማግሌውንም ጭምር።

"እማማ፣ ቦኖውን ይክፈቱልኝ! ቦኖው ካልተከፈተ መደቡ አይርስም፤ መደቡ ካልራሰ ችግኙ አይነቀልም፤ ችግኙ ካልተነቀለ ጎመኑ አይተካም፤ ጎመኑ ካልተተካ ቅርጫቱ አይነሳም፤ ቅርጫቱ ካልተነሳ ገብስማ አትወጣም፤ ገብስማ ካልወጣች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል!"

"ምን አልክ ልጄ?" አሉ እማማ ጠጂቱ፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

አቶ ገብረየስ ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙት፤ አሁን ጮክ አድርገው። መንገደኛ ቆመ። ጀሪካን ይዘው ቦኖው ይከፈታል ብለው የቆሙ ሴቶች ዞር አሉ። "ገብስማ አትወጣም" ላይ ሲደርሱ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

እማማ ጠጂቱ በሙሉ ትዕግሥት ሰሙ። ነገሩ ሲያበቃ "በመጀመሪያውም ሰምቼሃለሁ" አሉ። "ጥሩ ስለተናገርከው ነው ያስደገምኩህ። አሁን ና እይ።" በምርኩዛቸው ከቦኖው ሥር የሚወጣውን ቦይ አሳዩ። ቦዩ በፌስታልና በጭቃ እስከ አፉ ተደፍኗል። "ውሃው መሄጃ አጥቶ መንገድ ላይ ነው የሚፈሰው። ባለፈው ሰኞ የዘውዲቱ ባል አዳልጦት ወድቆ እጁ ተሰበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጋሁት። ቦዩ ካልተጠረገ ቦኖው አይከፈትም።"

"እኔ በእጄ እጠርገዋለሁ።"

"በእጅህ?" እማማ ጠጂቱ የአቶ ገብረየስን እጅ ያዙና ገለበጡት። "ይህ እጅ የሚያውቀው ጠመኔ ነው። ጭቃው ክንድ ይውጣል። ሂድና አካፋ አምጣ ልጄ።"

የሰፈሩ አካፋ የዕድሩ ነው። የዕድሩን ዕቃ የሚይዘው ፈንታሁን ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ አካፋው ሁሉ በእሱ መጋዘን ይቀመጣል። ፈንታሁን ዛሬ ጢሙ የሸበተ የልጆች አባት ነው። ድሮ ግን የአቶ ገብረየስ ተማሪ ነበር፤ ሰባተኛ ክፍል እያለ ካልሲው ቀለሙ ስለማይመሳሰል ከበር መልሰውታል። ሁለቱም አልረሱትም።

"ፈንታሁን፣ አካፋ! አካፋው ካልወጣ ቦዩ አይጠረግም፤ ቦዩ ካልተጠረገ ቦኖው አይከፈትም፤ ቦኖው ካልተከፈተ መደቡ አይርስም፤ መደቡ ካልራሰ ችግኙ አይነቀልም፤ ችግኙ ካልተነቀለ ጎመኑ አይተካም፤ ጎመኑ ካልተተካ ቅርጫቱ አይነሳም፤ ቅርጫቱ ካልተነሳ ገብስማ አትወጣም፤ ገብስማ ካልወጣች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል!"

ፈንታሁን እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። አቶ ገብረየስ ሠላሳ አንድ ዓመት የቆሙበት አቋቋም ነው። "ማመልከቻ ይዘዋል?"

አቶ ገብረየስ ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። በሕይወታቸው ስንት ሰው ላይ ይህንን ቃል እንዳሉ ሊቆጥሩ ሞከሩና ተዉት።

"ቀልዴን ነው ጋሼ" አለ ፈንታሁን ቶሎ ብሎ፤ የሰውየው ፊት አሳዘነው። "አካፋው እዚህ የለም። እጀታው ተሰብሮ አናጺው ይርዳው ጋ ነው። እጀታ ካልገባለት አካፋው ከእሱ ቤት አይወጣም። እሱ ጋ ይሂዱ። ደግሞ ቀስ ይበሉ፣ ላብ በላብ ሆነዋል።"

አናጺው ይርዳው ደጁ ላይ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አዲሱ እጀታ ተጠርቦ፣ ተልጎ፣ ጭኑ ላይ ተጋድሟል። የአካፋው ብረት ከእግሩ ሥር ነው። መዶሻው ከብረቱ አጠገብ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው፤ መምታት። አቶ ገብረየስ ደስ ብሏቸው "ይርዳው!" ብለው ሲጣሩ አናጺው ዘሎ ተነሣና ጣቱን አፉ ላይ አደረገ።

"ቀስ ጋሼ! ቀስ!"

"ምነው፣ ሐዘን አለ?" አሉ አቶ ገብረየስ በሹክሹክታ።

"ሲስተር ስመኝ ተኝታለች" አለ ይርዳውም በሹክሹክታ። "ሌሊቱን ሆስፒታል ስትሠራ አድራ ነው የገባችው። ባለፈው ሳምንት መጥታ ለመነችኝ። 'ይርዳው፣ ተረኛ በምሆንበት ሰሞን ቀን ቀን መዶሻ አትምታብኝ' አለችኝ። እናቴን ያዋለደቻት፣ ማለቴ ሚስቴን ያዋለደቻት እሷ ናት። ቃል ገባሁላት። እሷ ካልፈቀደች መዶሻው አይመታም።"

አቶ ገብረየስ የአናጺውን ጆሮ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ጀመሩ። "መዶሻው ካልተመታ እጀታው አይገባም፤ እጀታው ካልገባ አካፋው አይወጣም፤ አካፋው ካልወጣ ቦዩ አይጠረግም፤ ቦዩ ካልተጠረገ ቦኖው አይከፈትም፤ ቦኖው ካልተከፈተ መደቡ አይርስም፤ መደቡ ካልራሰ ችግኙ አይነቀልም፤ ችግኙ ካልተነቀለ..."

"ጎመኑ አይተካም" አለ ይርዳው። "ጎመኑ ካልተተካ ቅርጫቱ አይነሳም፤ ቅርጫቱ ካልተነሳ ገብስማ አትወጣም፤ ገብስማ ካልወጣች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።"

"ከማን ሰማህ?"

"ከቦኖው የተመለሱት ሴቶች በዚህ አልፈዋል። ሰፈሩ በሙሉ እየዘፈነው ነው ጋሼ።"

አቶ ገብረየስ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ጫማቸው አቧራ፣ ሸሚዛቸው ላብ ሆኗል። "አንድ ሺህ ተማሪ በአንድ ፊሽካ አሰልፍ የነበርኩ ሰው፣ ዛሬ አንዲት ዶሮ አጥር ዙሪያ ታሯሩጠኛለች" ብለው አሰቡ። የባሰው ደግሞ እንቁላሎቹ ናቸው። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ያቺ ዶሮ ያለ ድካም ተቀምጣ የጠበቀችውን እሳቸው በአንድ ጠዋት ሊያስቀዘቅዙት ነው። ተነሡ። የተኛ ሰው መቀስቀስ ነውር መሆኑን እያወቁ ወደ ሲስተር ስመኝ ቤት ሄዱ።

የሲስተር ስመኝ ቤት ጀርባው ከአቶ ገብረየስ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። አቶ ገብረየስ በሩን በአንድ ጣት፣ በጣም ቀስ አድርገው መቱ። በሩ ወዲያው ተከፈተ። ሲስተር ስመኝ አልተኛችም። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፀጉሯ በሻሽ ተጠፍሯል፣ ፊቷ ያበጠ ይመስላል።

"ጋሼ ገብረየስ? ምን ሆኑ? ሰው ታሞብዎት ነው?"

"የለም ልጄ። ይቅርታ። ቀሰቀስኩሽ?"

"ቢሆንልኝማ ጥሩ ነበር።" በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። "ይበሉ ይንገሩኝ።"

አቶ ገብረየስም ነገሯት። ስለ መዶሻው፣ ስለ እጀታው፣ ስለ አካፋው፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ ቦኖው፣ ስለ መደቡ፣ ስለ ችግኙ፣ ስለ ጎመኑ፣ ስለ ቅርጫቱ፣ ስለ ገብስማ ነገሯት። "እንቁላሉ ይቀዘቅዛል" ብለው ገና ሳይጨርሱ፣ ከቤቱ ጀርባ፣ ልክ ከመኝታ ቤቷ መስኮት ሥር፣ አንድ አውራ ዶሮ ጮኸ። ጉሮሮው የብረት በር ይመስላል። አንዴ ጮኸ። ትንፋሽ ሰበሰበና ደገመ። ሦስተኛውን ደግሞ አስረዘመው።

ሲስተር ስመኝ ጣቷን ወደ ቤቱ ጀርባ ቀሰረች።

"የማን ይመስልዎታል ጋሼ?" አለች ሲስተር ስመኝ።

አቶ ገብረየስ ድምፁን ያውቁታል። በእጃቸው እህል እየሰጡ ነው ያሳደጉት።

"ሁለት ጊዜ መጥቼ ነገርኩዎት" አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም፤ ድካም ብቻ ነበር። "በሦስተኛው ደብዳቤ ጻፉልኝ። ቁጥርና ቀን ያለበት ደብዳቤ። 'ደንቡ ስለ ዶሮ ድምፅ የሚለው ነገር ስለሌለ ጥያቄሽን ለመቀበል እንቸገራለን' ይላል። እንቸገራለን! እርስዎና ማን ናችሁ የምትቸገሩት?"

"እኔ ብቻ ነኝ" አሉ አቶ ገብረየስ።

"ይርዳው መዶሻ ቢመታ ግድ የለኝም። መዶሻ ማለቂያ አለው። እጀታው ሲገባ ያበቃል። ይኼ ግን ማለቂያ የለውም። ትናንት ማታ አንዲት እናት አጠገብ ቆሜ ዓይኔ ሊከደን ነበር ጋሼ። በእጄ ላይ ልጅ ይዤ! አውራው ዶሮ ከመስኮቴ ካልተነሳ እኔም መዶሻውን አልፈቅድም። ስድ ብባልም አልፈቅድም።" ቀና ብላ አየቻቸው። "ቆይ፣ ለምን እዚህ አመጡት? ድሮ በእናንተ ቤት በኩል ነበር።"

አቶ ገብረየስ መልሱ ምላሳቸው ላይ ነበር። ለሰው ሁሉ ያሉት መልስ ነው፤ "ፀሐይ እንዲያገኝ።" "ለፀሐ..." ብለው ጀመሩ። የልጅቷን ዓይን አዩ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ከእኛ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ነበር" አሉ። "እንቅልፍ ነሣኝ። እና... ይቺ ልጅ ሌሊት ሥራ ላይ ናት፣ ጎህ ሲቀድ ቢጮህ አይሰማትም ብዬ ወዳንቺ ገፋሁት።"

"ቀን ነው እኮ የምተኛው ጋሼ! እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው የሚጮኸው!"

"አሁን ገባኝ። ስመኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤውንም፣ ዶሮውንም።"

ሲስተር ስመኝ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አቶ ገብረየስ የምታለቅስ መስሏቸው ደነገጡ። እየሳቀች ነበር። "እንቸገራለን!" አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች። እሳቸውም ሳቁ። በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ።

"እንቁላሉ ላይ አሁን ምን አለበት?" አለች ሲስተር ስመኝ በድንገት፣ እንደ ሐኪም።

"ጋቢዬና ሚስቴ።"

ገብታ ሙቅ ውሃ የሚሞላበት የላስቲክ ከረጢት አመጣች፤ ውሃ አሙቃ ሞላችው፤ በፎጣ ጠቀለለችው። "ከጋቢው ሥር፣ ከጎን በኩል ያድርጉት። እንዳይበዛበት በእጅ ይለካ። ወስደው ለእትዬ አልጋነሽ ይስጡ፤ ከዚያ ያንን ጩኸታም አንሡልኝ።"

አቶ ገብረየስ ከረጢቱን እንደ ጨቅላ ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ ቤት ሮጡ። ወይዘሮ አልጋነሽ ተቀብለው ከጋቢው ሥር ከተቱት። "ገብስማስ?" አሉ።

አቶ ገብረየስ በረጅሙ ተነፈሱ። "አውራው ዶሮ ካልተነሳ ሲስተር አትፈቅድም፤ ሲስተር ካልፈቀደች መዶሻው አይመታም፤ መዶሻው ካልተመታ እጀታው አይገባም፤ እጀታው ካልገባ አካፋው አይወጣም፤ አካፋው ካልወጣ ቦዩ አይጠረግም፤ ቦዩ ካልተጠረገ ቦኖው አይከፈትም፤ ቦኖው ካልተከፈተ መደቡ አይርስም፤ መደቡ ካልራሰ ችግኙ አይነቀልም፤ ችግኙ ካልተነቀለ ጎመኑ አይተካም፤ ጎመኑ ካልተተካ ቅርጫቱ አይነሳም፤ ቅርጫቱ ካልተነሳ ገብስማ አትወጣም፤ ገብስማ ካልወጣች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።"

"እና አውራው ዶሮ የማን ነው?"

"የእኔ።"

"ታዲያ ምን ቆመህ ትነግረኛለህ?"

የዶሮውን ቤት ብቻቸውን ጎተቱት። ከውስጥ አውራው ዶሮ ሁለት ጊዜ እጃቸውን በምንቃሩ ወጋቸው፤ አንዱን ጊዜ "ይገባኛል" አሉት። ግቢውን አቋርጠው፣ ድንጋይ ጠርገው፣ የራሳቸው መኝታ ቤት መስኮት ሥር አቆሙት።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ወደ ኋላ ተፈታ። አውራው ተነሣና ሲስተር ስመኝ በመስኮት ብቅ ብላ "ይርዳው፣ ምታ!" አለች። ይርዳው መታ፤ እጀታው ገባ። እጀታው ገባና አካፋው ወጣ። አቶ ገብረየስ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ቦዩ ውስጥ ገቡ። ጠመኔ የለመደው እጅ ጭቃ ዛቀ፤ ፌስታል ጎተተ፤ አንዴም ተንሸራተው ቁጭ አሉ። ከዳር የቆመው ፈንታሁን ይህንን አይቶ አልቻለም፤ ካልሲውን አወለቀና ገባ። ቦዩ ተጠረገ። እማማ ጠጂቱ ክሩን ከአንገታቸው አወጡ፤ ቦኖው ተከፈተ፤ ጀሪካን ሁሉ ተሰለፈ። መደቡ ራሰ። አቶ ልመንህ ጣታቸውን ወጋ አደረጉ፤ ገባላቸው። ችግኙ ተነቀለ። አቶ ገብረየስ ከነጭቃቸው ወይዘሮ ዘርፌ ጓሮ ተንበርክከው ተከሉ።

"ጠለቅ ያድርጉት" አሉ ወይዘሮ ዘርፌ ከላይ ሆነው። "የለም፣ ከዚህም ጠለቅ። ኤዲያ፣ ዞር ይበሉልኝ!" ብለው አጠገባቸው ተንበረከኩና አብረው ተከሉ። የመጨረሻዋን ችግኝ አፈር ሲያለብሱ ወይዘሮ ዘርፌ ቀና ሳይሉ "ስይዛት እንቁላል ታቅፋ መሆኗን ባውቅ ቅርጫት ከመድፋቴ በፊት እጠራዎት ነበር" አሉ።

"እኔም ጎመንዎን እንዲህ ማድረጓን ባውቅ ከእንቁላሉ በፊት ስለ እሱ እጠይቅዎት ነበር" አሉ አቶ ገብረየስ።

ጎመኑ ተተካ። ድንጋዩ ወረደ። ቅርጫቱ ተነሣ። ገብስማ ወጣች።

ገብስማ ማንንም አላመሰገነችም። ላባዋን አራገፈች፤ በገባችበት የአጥር ቀዳዳ ሾልካ ሄደች። አቶ ገብረየስ በበሩ ዞረው ሲደርሱ ወይዘሮ አልጋነሽን በምንቃሯ መትታ ከጎጆዋ እያስነሣቻቸው ነበር።

"ይኸው ሥልጣን አስረከብኩ" አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ የደነዘዘ እግራቸውን እያሹ። "ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ታቅፌ።"

እንቁላሎቹ ለብ ብለዋል እንጂ አልቀዘቀዙም። ግን ይበቃቸው እንደሆነ ማን ያውቃል? እንቁላል አይናገርም። እሑድ አለፈ፤ ምንም የለም። ሰኞ አለፈ፤ ምንም የለም። ሰፈሩ በመንገድ ላይ ሲያገኛቸው "እንዴት ሆነ?" ይላቸዋል፤ ማንም ግን አይስቅም። ሲስተር ስመኝ ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ ብላ ከረጢቱን ሳትጠይቅ ስለ እንቁላሉ ጠይቃ ሄደች። ሰኞ ማታ አቶ ገብረየስ ለሚስታቸው "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ገብስማ ድርሻዋን ተወጥታለች" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አውራው ዶሮ ከመስኮታቸው ሥር ጮኸ። አቶ ገብረየስ ከአልጋቸው ዘለው ተነሡ። ወይዘሮ አልጋነሽ ብርድ ልብሱን ጭንቅላታቸው ላይ ሳቡና "ያንተ ነው፤ አንተ ሂድ" አሉ። ወጡ። በብርዱ ውስጥ ባዶ እግራቸውን ቆመው ዶሮውን ሊሰድቡት አፋቸውን ሲከፍቱ ከገብስማ ጎጆ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰሙ። ጎንበስ አሉ። ከገብስማ ክንፍ ሥር አንድ እርጥብ ራስ ወጣ፤ አየ፤ ተመልሶ ገባ። ከአጠገቡ ደግሞ ሌላ ድምፅ።

አቶ ገብረየስ ሰፈሩን በሙሉ በጩኸት ሊቀሰቅሱ ነበር። ደረታቸውን ነፍተው አየር ሳቡ። ያኔ ሲስተር ስመኝ ገና አሁን ከሥራ ገብታ መተኛቷ ትዝ አላቸው። አየሩን መልሰው ዋጡት። በእግር ጣታቸው እየረገጡ ወደ አጥሩ ሄዱ። ወይዘሮ ዘርፌ በማለዳው ጎመናቸውን ውሃ እያጠጡ ነበር።

"ወይዘሮ ዘርፌ" አሉ አቶ ገብረየስ በሹክሹክታ።

ወይዘሮ ዘርፌ ወደ አጥሩ ተጠጉ። "ስንት ሆኑ?" አሉ እሳቸውም በሹክሹክታ።

አቶ ገብረየስ ሁለት ጣት አወጡ። ከኋላቸው ሌላ ድምፅ ተሰማ። ሦስተኛውን ጣት ጨመሩ።

ይኸው ነው። ያየሁትን ያህል ነገርኳችሁ፤ ያላየሁትንም ጨምሬላችኋለሁ። እኔ እዚህ ላይ ልረፍ፤ አፌ ደርቋልና አንዳችሁ ውሃ አቀብሉኝ።